ካሜራው ያልነበረባቸው ቀናት

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1977 ነው። በመካከለኛው አውስትራሊያ ቀይ አሸዋ ላይ አንዲት የ26 ዓመት ወጣት አራት ግመሎቿን እየሳበች ትጓዛለች። ከጎኗ ፒትጃንጃራ ከሚባለው የምድሪቱ ነባር ሕዝብ የሆኑ አንድ አዛውንት ይራመዳሉ። ድንገት መኪና አቧራውን እያቦነነ መጥቶ ይቆማል። ጎብኚዎች ይወርዳሉ፤ ከሰላምታ በፊት ካሜራ ይወጣል። አንደኛው አዛውንቱን እንደ ትንሽ ልጅ ጠርቶ ከግመሉ አጠገብ እንዲቆሙለት ያዛቸዋል። ወጣቷ በንዴት ትበግናለች። አዛውንቱ ግን በትራቸውን አንሥተው፣ በገዛ ቋንቋቸው እየጮኹና እንደ እብድ እየተወራጩ ወደ ጎብኚዎቹ ይሄዳሉ፤ ላነሡት ፎቶ ክፈሉ ይላሉ። ጎብኚዎቹ ኪሳቸውን አራግፈው ይፈረጥጣሉ። አቧራው ሲረግብ አዛውንቱ ወደ ወጣቷ ዞር ብለው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እሷም አብራ ትስቃለች።

ይህን የጻፈችው ወጣቷ ራሷ፣ ሮቢን ዴቪድሰን ናት። አዛውንቱ ኤዲ ይባላሉ። ከአሊስ ስፕሪንግስ ተነሥታ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘችበትን ዘጠኝ ወር እ.ኤ.አ. በ1980 «ትራክስ» በሚል ርዕስ መጽሐፍ አደረገችው፤ «ዱካዎች» እንደ ማለት ነው። ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ጆን ከራን በዚያው ስም ፊልም ሠራበትና በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። ዴቪድሰንን ሆና የተጫወተችው ሚያ ቫሺኮቭስካ ናት።

መጽሐፉን ካነበብኩ፣ ፊልሙንም ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ከአእምሮዬ ያልወጣው ጥያቄ አንድ ነው። ከሰው ዐይን ለመራቅ በረሃ የገባችን ሴት ታሪክ ካሜራ እንዴት ይናገረዋል? ጥያቄው የፊልም ሰዎች ብቻ አይደለም። ዛሬ ብቻውን መንገድ የሚወጣ ወጣት ስልኩን ከፊቱ ዘርግቶ ነው የሚወጣው። ዳሎልም ይሁን ኤርታሌ የደረሰ ሰው ገና ላቡን ሳይጠርግ ምስሉ በሺዎች ዘንድ ይደርሳል። ዴቪድሰን ከዚህ ሁሉ ቀድማ፣ በአንድ ፎቶ አንሺ ብቻ፣ ነገሩን እስከ አጥንቱ አይታዋለች። ፊልሙ ይህን ምን ያህል እንደ ተረዳው ለማየት ግን ጉዞው እንዴት እንደ ተጀመረ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዴቪድሰን የኩዊንስላንድ የከብት እርባታ ልጅ ናት። በ1975 ዲጊቲ የምትባል ጥቁር ውሻዋን አስከትላ፣ ይህ ነው የማይባል ገንዘብ ይዛ አሊስ ስፕሪንግስ ገባች። ሐሳቧ የዱር ግመሎች አስይዛ፣ ገርታ፣ ጓዟን ጭና በምዕራቡ በረሃ በኩል ባሕር መድረስ ነበር። ስለ ግመል የምታውቀው ነገር አልነበረም። ለመማር ሁለት ዓመት ፈጀባት። መጀመሪያ የሠራችበት ሰው በጉልበቷ ተጠቅሞ ባዶ እጇን አሰናበታት። የእውነት ያስተማራት ሳሌይ ማሆሜት የሚባል፣ ከአፍጋናውያን ግመል ነጂዎች ዘር የሆነ ሰው ነው። በአፍንጫ ላይ የሚሰካውን እንጨትና ከእሱ የሚታሰረውን ገመድ፣ ኮርቻው ሻኛውን እንዳይልጠው ጭነት ማመጣጠንን፣ ሌሊት ርቀው እንዳይሄዱ የፊት እግራቸውን በአጭሩ ማሰርን ያሳያት እሱ ነው። ለስሪያ የተነሣ የዱር ወንዴ ግመል ከመጣብሽ ሳታመነቺ ተኩሺ ብሎ የመከራትም እሱ ነው።

ግመል አውስትራሊያ ምን ያደርጋል ለሚል አንባቢ መልሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በረሃማውን የመሀል አገር ለመክፈት የፈለጉት የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ፈረስና በሬ ውኃ ጥም አልችል ሲሏቸው ከ1860 ጀምሮ ከዛሬዎቹ ፓኪስታን፣ ሕንድና አፍጋኒስታን ግመሎችን ከነነጂዎቻቸው አስመጡ። ከየትም ይምጡ ከየት ነጂዎቹ ሁሉ በጅምላ «አፍጋኖች» ተባሉ። የቴሌግራፍ እንጨቱን፣ የባቡር ሐዲዱን፣ የማዕድን ሠራተኛውን ስንቅ ተሸክመው አገሪቱን ያገናኙት እነሱ ናቸው። ከአዴሌድ ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቡር «ጋን» የሚለውን ስሙን ያገኘው ከነሱ ነው። በ1920ዎቹ የጭነት መኪና ሲመጣ ግን ግመሎቹ ሥራ ፈቱ። በ1925 የደቡብ አውስትራሊያ ግዛት ባለቤት አልባ ግመል እንዲገደል የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ብዙዎቹ ነጂዎች እንጀራ ያበሏቸውን እንስሳት መግደል አንጀታቸው አልቻለምና በረሃ ለቀቋቸው። ዛሬ በዓለም ትልቁ የዱር ግመል መንጋ የሚገኘው አውስትራሊያ ውስጥ ነው። በ2008 እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመት ነበር፤ ከ2009 እስከ 2013 በተካሄደ ዘመቻ 160,000 ያህሉ ከተወገዱ በኋላ ግምቱ ወደ 300,000 ተስተካክሏል።

በእኛ አገር ግመል የሚያውቅ ሰው ዴቪድሰን የተሸከመችውን ሥራ ክብደት ከአውሮፓዊው አንባቢ ቀድሞ ይረዳዋል። ከሐመድ ኤላ ወደ በራህሌ ጨው ጭነው የሚወጡ የአፋር ቅፍለቶችን ያየ፣ አንዲትን ግመል አንበርክኮ ለመጫን ስንት እጅ እንደሚያስፈልግ ያውቃል። በዚያ አገር ወግ ብቻውን በረሃ የሚያቋርጥ ሰው የሚደነቅለት ሳይሆን የሚታዘንለት ነው፤ ወይ ጓደኞቹ ሞተውበታል፣ ወይ ተለይተውት ሄደዋል። ዴቪድሰን ዱኪን፣ በብንና ዘሌይካን በየማለዳው ብቻዋን ነበር የምትጭነው፤ አራተኛው የዘሌይካ ግልገል ጎልያድ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭነቱ ብቻውን ሰዓታት ይበላባት ነበር። ከቀን ቀን የማያስፈልገውን ዕቃ እየጣለች ሄደች። መጽሐፉ ውስጥ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ለውጧን የምናየው ከጭነቱ መቅለል ነው። ፊልሙ ይህን በጥቂት ቅጽበቶች ያሳያል፤ ነገር ግን በ112 ደቂቃ ውስጥ ተደጋጋሚ ሥራን ማሳየት ከባድ ነው፤ የዚያ ጉዞ ዋና ነገር ደግሞ ድግግሞሹ ነበር።

አሁን ወደ ካሜራው እንምጣ። ግመሎቹ ቢገሩም ለጉዞው የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። ሪክ ስሞላን የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ፎቶ አንሺ አሊስ ስፕሪንግስ ውስጥ አግኝቷት ለናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እንድትጽፍ መከራት። መጽሔቱ ገንዘቡን ሰጠ፤ በምትኩ ታሪኩን ልትጽፍለት፣ ስሞላንም በጉዞው መካከል እየመጣ ፎቶ ሊያነሣ ተስማማች። መጽሐፏ ውስጥ ስለዚህ ውል የጻፈችው የጸጸት ጽሑፍ ነው። የራሷ የነበረውን ነገር ገና ሳትጀምረው እንደ ሸጠች ይሰማታል። ስሞላን በመጣ ቁጥር ግመል የሚጭነው እጅና መንገድ የሚፈልገው ዐይን የእሷ መሆናቸው ይቀርና ራሷን ከውጭ ማየት ትጀምራለች። የሚነሣው ፎቶ ሌላ ሴት ያሳያል፤ ያቺን ሴት አታውቃትም፤ ዓለም ግን የምታውቀው እሷን ሆነ። በግንቦት 1978 የመጽሔቱ ሽፋን ላይ የወጣችው ያቺ ናት።

ፊልሙ ውስጥ ስሞላንን የሚጫወተው አዳም ድራይቨር ነው። ግሩም ተዋናይ ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ይጀምራል። ለፍላፊ፣ ቅን፣ ሳይጠሩት የሚደርስ፣ ሲቆጡት የማይቀየም ወጣት አድርጎ ሠርቶታል። ተመልካቹ ይወደዋል። በጉዞው አስቸጋሪ ክፍል ላይ ውኃ በበርሜል ቀድሞ ያኖርላታል፤ ስታለቅስ ይደግፋታል። በመካከላቸው መቀራረብ እንደ ነበረ መጽሐፉም አይደብቅም። ሆኖም መጽሐፉ ውስጥ ስሞላን ሰው ብቻ አልነበረም፤ ከኋላው መጽሔት፣ ከመጽሔቱ ኋላ ሚሊዮን አንባቢ ነበር። ፊልሙ ሰውየውን ሲያስወድደን ከኋላው ያለውን ሁሉ አብሮ ይቅር ያሰኘናል።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ስሞላን የነባሩን ሕዝብ ምሥጢራዊ ሥርዓት ሳያስፈቅድ ፎቶ አነሣ። ዴቪድሰን በዚያ ምክንያት ከማኅበረሰቡ ጋር የነበራት መተማመን ተሰነጠቀ፤ ያለ ሽማግሌ መሪ ደግሞ ለሴት የተከለከሉ ቅዱስ ስፍራዎች ያሉበትን ምድር ማለፍ አትችልም። መጽሐፉ ላይ ይህ ከፍተኛ ቁስል ነው፤ በእሷ ጉዞ ሰበብ ገብቶ የሌላውን ምሥጢር ይዞ የወጣ እጅ ነውና። ፊልሙም ድርጊቱን አይደብቅም። ግን የልጅነት ጥፋት አስመስሎት ያልፋል፤ ጥቂት ኩርፊያ፣ ጥቂት ይቅርታ፣ ከዚያ መንገዱ ይቀጥላል። ካሜራ ስለ ሌላ ካሜራ በደል ሲናገር ድምፁ ዝቅ ማለቱ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ነገር ምክንያት ነው። ሰው ሁሉ ዴቪድሰንን ለምን እንደምትሄድ ይጠይቃታል። በመጽሐፉ ውስጥ ጥያቄውን በአንድ ቁልፍ የሚከፍት መልስ የላትም፤ ሆድ ይፍጀው ያለችው ነገር እንዳለ ግን አንባቢው ይገባዋል። ፊልሙ ግን ይህን ዝምታ መሸከም አቃተው። እናቷ ሮቢን የ11 ዓመት ልጅ ሳለች ራሷን ያጠፋች መሆኗን ይዞ፣ በየመካከሉ የልጅነት ትዝታ እያስገባ፣ እርምጃዋን ሁሉ ከዚያ ሐዘን ጋር ያስተሳስረዋል። እውነት ያልሆነ ነገር አላለም። ይሁን እንጂ እውነት በሆነ ነገርም ሰውን ማሳነስ ይቻላል። ዴቪድሰን የእናቷን ነገር ፊት ለፊት የተጋፈጠችበትን መጽሐፍ ያወጣችው በ2023 ነው፤ ከጉዞው ከ46 ዓመት በኋላ። ለመናገር ይህን ያህል ዘመን የጠየቀን ሐዘን ፊልሙ በጥቂት ደቂቃ ምስል ፈታው።

በዚህ ከራን ብቻውን አይደለም። «ትራክስ» በወጣ በዓመቱ፣ በ2014፣ የሼሪል ስትሬድ የእግር ጉዞ ማስታወሻ «ዋይልድ» ፊልም ሆነ። እዚያም ሴቲቱ የምትራመደው በእናቷ ሞት ትዝታ ታጅባ ነው። ልዩነቱ፣ ስትሬድ ራሷ መጽሐፏን በዚያ ሐዘን ላይ ማቆሟ ነው። ሲኒማው ግን ሁለቱን በአንድ መልክ ቀረጻቸው። አንድ ወንድ ተራራ ወይም በረሃ ሲያቋርጥ «ስላለ ነው የወጣሁት» ቢል እንደ በቂ መልስ ይወሰድለታል፤ ሴት ስትሆን ግን ቁስል ይፈለግላታል። ተመልካቹም ቁስሉን ካላየ የሚያርፍ አይመስለውም። ዴቪድሰን በ1977 የተዋጋችው ከዚሁ ጋር ነበር፤ ጋዜጦቹ «የግመሏ እመቤት» የሚል ስም አውጥተውላት በመኪና ያሳድዷት በነበረ ጊዜ። አራት ግመል ይዞ መደበቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» የሚለው ተረታችን ይመሰክራል። እንዲያም ሆኖ በመንገዷ ያሉ ሰዎች ደብቀዋታል።

ይህን ሁሉ ብዬ ፊልሙን አትዩት ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ማየት የሚገባ ነው። የካሜራ ባለሙያዋ ማንዲ ዎከር በረሃውን የፖስታ ካርድ አላደረገችውም። ብርሃኑ ዐይን የሚወጋ ነው፤ አቧራው ከንፈር ላይ ይታያል፤ የቫሺኮቭስካ ፊት በፀሐይ እየተላጠ፣ ፀጉሯ እየተጠቀለለ፣ እግሯ እየደነደነ ይሄዳል። ተዋናይቷ ብዙ አትናገርም፤ ከግመሎቹ ጋር ስትሠራ እጇ ሥራውን የሚያውቅ ይመስላል። ኮምፓሷን ጥላ፣ ልትፈልግ ተመልሳ፣ ካምፗ የት እንደ ሆነ ሲጠፋባት አቅጣጫ ሁሉ አንድ ይሆንባታል። በመጨረሻ ወደ ቤት ሂጂ ብላ ውሻዋን ታዛታለች፤ ዲጊቲ ትመራለች፤ እሷ ትከተላለች። አስተማማኙ መሣሪያ አፍንጫና አራት እግር ሆነ። በዚያች ደቂቃ «ብቻዋን» የሚለው ቃል ምን ያህል የተሳሳተ እንደ ሆነ አየሁ።

ኤዲን ሆነው የተጫወቱት ሮሊ ሚንቱማ ደግሞ ፊልሙን የሚያሞቁ ሰው ናቸው። እሳቸው ሲገቡ የፊልሙ ፍጥነት ይለወጣል። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት መሆኑ ይቀርና ስም ያለው፣ ታሪክ ያለው፣ ባለቤት ያለው ምድር ይሆናል። ካንጋሮ ሲታረድ ሴት ቢላዋ እንዳትነካ ሲከለክሏት፣ የቱ ዕፅ ለምን እንደሚሆን ሲያሳዩአት፣ የዴቪድሰን ትምህርት ከግመል አልፎ ወደ አገር ይሸጋገራል። አውሮፓውያን ባዶ ብለው ካርታ ላይ ነጭ የተዉት ምድር አንድም ባዶ ቦታ የሌለው መሆኑን መጽሐፉ ደጋግሞ ይናገራል። እሷ ባለፈችበት ዓመት መጀመሪያ ላይ ነበር በሰሜናዊው ግዛት የነባር ሕዝቦችን የመሬት መብት የሚያውቀው፣ በ1976 የወጣው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው። ፊልሙ ይህን የፖለቲካ ጀርባ ሙሉ በሙሉ ይተወዋል። መጽሐፉ ውስጥ ግን ዴቪድሰን ስለ ዘረኝነት የምትጽፈው በቁጣ ነው፤ አሊስ ስፕሪንግስ ቡና ቤት ውስጥ የሰማችውን፣ በየመንደሩ ያየችውን አትለሳልስም። ያ ቁጣ ባይኖር ኤዲ ከጎብኚዎቹ ጋር ያደረጉት ነገር ቀልድ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሌላም ለካሜራ የማይመች ነገር አለ፤ ጊዜ። መጽሐፉ መሀል ላይ ዴቪድሰን ከሰዓትም ከልብስም ከሥርዓትም እየተላቀቀች ትሄዳለች። ሐሳቧ ይበታተናል፤ ከራሷ ጋር ትነጋገራለች፤ ሊያሳብዳት የደረሰም ጊዜ ነበረ። ቀስ በቀስ ዱካ ማንበብ ትለምዳለች፤ ጥንዚዛ አሸዋ ላይ የተወውን መስመር፣ ወፍ የተነሣበትን ጭረት። የመጽሐፉ ርዕስም ከዚህ አይርቅም። ገጾቹ ላይ ይህ ለውጥ አንባቢውን አብሮ ይዞት ይወርዳል፤ ከዓረፍተ ነገር ዓረፍተ ነገር ራሷን ስትረሳ እናያለን። ፊልም ግን ምን ጊዜም ፊት ያስፈልገዋል። ራሷን ለመርሳት የምትሄድን ሴት ፊቷን እያቀረበ ያሳየናል፤ እኛም ልንረሳት አንችልም። ይህ የከራን ስንፍና አይደለም፤ የሙያው ጠባይ ነው። ዝምታን ለተመልካች ትዕግሥት አምኖ መስጠት ይቻል ነበር ብዬ ግን አምናለሁ። የጋርዝ ስቲቨንሰን ሙዚቃ ውብ ነው፤ ነገር ግን በረሃው ሊናገር በሚገባው ቦታ ሁሉ ቀድሞ ይናገራል።

ፊልሙ ከመጽሐፉ እኩል የቆመበት ቦታ የዲጊቲ ሞት ነው። ለዲንጎ፣ ለዚያ አገር የዱር ውሻ፣ በስትሪክኒን መርዝ የተለወሰ ሥጋ በየበረሃው ይጣል ነበር። ዲጊቲ በላችው። ስቃዩን ለማሳጠር ዴቪድሰን ጠመንጃዋን አነሣች። ሌሊት ነው፤ ሐኪም የለም፤ የሚያስተውል ሰው የለም። ፊልሙ እዚህ ላይ ይቆጠባል፤ አያብራራም፤ ትዝታ አይጎትትም ማለት ባይቻልም ሕመሙን ለራሷ ይተውላታል። ስሞላን በዚያ ሌሊት አልነበረም። ከዘጠኝ ወሩ ውስጥ በጣም የበዙት ቀናት እንደዚህ ነበሩ፤ የሚያነሣቸው አልነበረም። ፊልሙ ሲያልቅ የስሞላን እውነተኛ ፎቶዎች በስክሪኑ ላይ ያልፋሉ፤ ባሕር ውስጥ ከግመሎቿ ጋር የገባችውን ሴት እናያለን። ውብ ናቸው። ሳያቸው ግን የማስበው የሌሉትን ነው፤ ያቺን የመርዝ ሌሊት፣ ልብሷን ጥላ የሄደችባቸውን ሳምንታት፣ ከኤዲ ጋር የሳቀችበትን ሰዓት።

ከመንገዷ ላይ የነበረው ታላቁ ቀይ ዐለት በዚያን ጊዜ በእንግሊዛዊ ስሙ ኤርስ ሮክ ይባል ነበር። በጥቅምት 1985 ለአናንጉ ሕዝብ፣ የኤዲ ወገኖች ፒትጃንጃራዎች ለሚገኙበት፣ በባለቤትነት ተመለሰ። ኡሉሩ የሚለው ጥንታዊ ስሙም የአዋጅ ስም ሆነ። ከጥቅምት 2019 ወዲህ መውጣትም ተከልክሏል። ዛሬ በዐለቱ ሥር ዙሪያውን የሚሄድ ጎብኚ አንዳንድ ቦታ ላይ ሰሌዳ ያገኛል። ይህ ስፍራ ቅዱስ ነው ይላል፤ እዚህ ፎቶ እንዳታነሡ ሲልም ይለምናል። ባለቤቶቹ የሚሰጡት ምክንያት፣ የዐለቱ ቅርጽ ለእነሱ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ የሚነበብ መሆኑን፣ መታየት ያለበትም እዚያው በቆመበት ስፍራ ብቻ መሆኑን ነው። ሰዎች ከሰሌዳው ፊት ይቆማሉ፤ ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው ይመልሱና ጥቂት እርምጃ በዐይናቸው ብቻ እያዩ ይሄዳሉ።